ለወፍ ምልከታ ባይኖኩላር አመራረጥ፦ ቁጥሩን ከማንበብ እስከ ሱቅ ደጃፍ ፍተሻ

ለወፍ ምልከታ ባይኖኩላር ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር አስቀድሞ ያሳየዋል። ወፍ ለማየት ግን ማጉላት ከብዙ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሌሎቹን ያበላሻል። ቅጠል መሃል የምትዘል ትንሽ ወፍ የምትታየው ለሁለት ወይም ለሦስት ሴኮንድ ነው። በዚያች ቅጽበት መነጽሩን ዓይን ላይ አድርጎ፣ ወፏን አግኝቶ፣ አጥርቶ ማየት ካልተቻለ ሃያ ጊዜ ማጉላቱ ምንም አይፈይድም። እዚህ የተጻፈው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ መነጽር ወፏን ቶሎ አግኝቼ፣ ዓይኔን ሳላደክም፣ ቀለሟን ለይቼ አያለሁ ወይ?

ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው። የመጀመሪያ ባይኖኩላራችሁ 8×42 ይሁን፤ ክብደት የሚያሳስባችሁ ከሆነ 8×32። ከዚህ የምትወጡት በቂ ምክንያት ሲኖራችሁ ብቻ ነው፤ ምክንያቶቹን ከታች ታገኟቸዋላችሁ።

ሁለቱ ቁጥሮች

በ8×42 ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ማጉላቱ ነው። 80 ሜትር ላይ የቆመ ወፍ በ8 ሲታይ 10 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፤ በ10 ሲታይ ደግሞ 8 ሜትር ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ትርፍ ይህችው ናት። ሁለተኛው ቁጥር የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን የሚገባው ብርሃን መጠን የሚወሰነው በእሱ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር ከዓይን ሌንሱ ወደ ዓይናችሁ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። 8×42 ላይ 5.25 ሚሊ ሜትር፣ 10×42 ላይ 4.2፣ 8×32 ላይ 4፣ ኪስ በሚገባው 10×25 ላይ 2.5 ይሆናል። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ በእኩለ ቀን አራቱም እኩል ብሩህ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚወጣው ብርሃን ሲያንስ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት በወንዶ ገነት ወይም በሐረና ጫካ ውስጥ ብሌናችን 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይከፈታል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰጠው መነጽር ያን ጊዜ ቀለም የሌለው ጥላ ነው የሚያሳየው። ወፎች ደግሞ በብዛት የሚንቀሳቀሱት በዚያው ሰዓት ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ብሌን በጨለማም ቢሆን የወጣትነቱን ያህል አይሰፋም። ስለዚህ ዕድሜው ለገፋ ሰው 7×50 የመሰለ 7 ሚሊ ሜትር ክብ የሚሰጥ መነጽር መሸከም ትርፉ ክብደት ነው። ያም ሆኖ ሰፊ ክብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዓይን ትንሽ ቢንሸራተትም ምስሉ አይጠፋም። በባቱ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

8 ወይስ 10?

ማጉላት የሚያጎላው ወፉን ብቻ አይደለም። የእጃችሁን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላዋል። ዳገት ወጥታችሁ ትንፋሻችሁ ሳይረጋጋ በ10 ስትመለከቱ ምስሉ ይርገበገባል፤ ያ ርግብግብታ የላባ መስመሮችን ይደመስሳል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በ8 የተሻለ ዝርዝር የሚያየው። በሪፍት ቫሊ ቆላ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ወዲያ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህንንም 10 ከ8 የበለጠ ያጎላዋል። የጥሩ መነጽር ዋጋም ሆነ ጥራት ይህን ችግር አይፈታውም።

10×42 የሚመረጠው ብዙ ጊዜያችሁን ገላጣ ሜዳ ላይ የምታሳልፉ ከሆነና እጃችሁ የረጋ ከሆነ ነው። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ቢጫ ጉሮሮዋን ጥቁር መቀነት የከበባትን የሐበሻ ሎንግክሎ ከሣር መሃል ለመለየት፣ ወይም ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ሩቅ የሚያንዣብብ ንስር ለማየት ይረዳል። ጫካ፣ ቁጥቋጦና የግቢ ዛፍ ላይ ግን 8 ይሻላል።

12ም 16ም በእጅ ተይዞ ለወፍ አይሆንም። አቢጃታ ሐይቅ ውኃው በጣም ስለሸሸ ፍላሚንጎዎቹ መርገጥ ከሚቻልበት ቦታ ርቀው ነው የሚቆሙት፤ ይህን ችግር ለመፍታት ብሎ ትልቅ ባይኖኩላር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለዚያ የተሠራው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጠው ከ20 እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላው ስፖቲንግ ስኮፕ ነው። 8×42 ይዞ፣ ሲቻል ስኮፕ መጨመር፤ የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

የእይታ ስፋት

ካርቶኑ ላይ «በ1,000 ሜትር 131 ሜትር» ወይም «7.5 ዲግሪ» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ዲግሪ በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 17.5 ሜትር ያህል ነው። የአሜሪካ ካርቶኖች በ1,000 ያርድ ርቀት ስንት ጫማ (ፊት) እንደሚታይ ስለሚጽፉ፣ ያንን ቁጥር ለ3 ማካፈል ወደ ሜትር ይለውጥላችኋል፤ 393 ፊት ማለት 131 ሜትር ነው።

ቁጥሩን ወደ ሜዳ ስናወርደው ትርጉሙ ይገለጣል። 30 ሜትር ላይ ባለ ዛፍ፣ 131 ሜትር ስፋት ያለው መነጽር 3.9 ሜትር የዛፍ ክፍል ያሳያል፤ 98 ሜትር ያለው ደግሞ 2.9። ሙሉ አንድ ሜትር የቅርንጫፍ ልዩነት ማለት ነው፤ ወፏ ያለችው በዚያች አንድ ሜትር ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዋናነት በያቤሎና በሜጋ አካባቢ የምትገኘውን ነጭ ጭራ ስዋሎ የመሰለች፣ አየር ላይ ነፍሳት እያሳደደች የምትታጠፍ ወፍ በጠባብ መነጽር መከተል እጅግ አድካሚ ነው። ለ8 ጊዜ ማጉላት ከ120 ሜትር በላይ፣ ለ10 ከ105 በላይ ፈልጉ። ከ135 በላይ ከሆነ ሰፊ ነው፤ ግን ጠርዙ ምን ያህል ጥርት እንዳለ መፈተሽ አለበት።

መነጽር ለሚያደርጉ ሰዎች

ይህን ክፍል የዕለት መነጽር የምታደርጉ ሁሉ በጥሞና አንብቡት፤ በዚህ ነጥብ የተነሳ ጥሩ ባይኖኩላር ገዝቶ የሚያዝን ሰው ብዙ ነው። እያንዳንዱ ባይኖኩላር «የዓይን ርቀት» የሚባል ቁጥር አለው። ዓይን ከዓይን ሌንሱ በስንት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሙሉውን ምስል ማየት እንደሚችል የሚናገር ነው። የዕለት መነጽራችሁ ዓይናችሁን ከባይኖኩላሩ ያርቀዋል። ስለዚህ የዓይን ርቀቱ 11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ መሃሉን ብቻ ነው የምታዩት፤ ዳር ዳሩ ይቆረጣል። ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋችኋል፤ መነጽራችሁ ወፍራም ከሆነ 18።

ቁጥሩን ብቻ ግን አትመኑ። የሚለካው ከሌንሱ ገጽ ጀምሮ ሲሆን ሌንሱ ከጎማው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር እዚያው ይባክናል። 17 የተጻፈበት አንዱ መነጽር በቂ ሲሆን 17 የተጻፈበት ሌላው ሊያንስ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የዓይን ጎማውን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች አውርዱት፣ መነጽራችሁን እንዳደረጋችሁ ተመልከቱ። የምስሉ ክብ ጥቁር ጠርዝ ዙሪያውን ጥርት ብሎ ከታየ ይሆናችኋል። ጠርዙን ለማየት ጭንቅላታችሁን ግራ ቀኝ ማንቀሳቀስ ካስፈለጋችሁ ይቅርባችሁ።

የዕለት መነጽር የማታደርጉ ደግሞ ተቃራኒውን ተጠንቀቁ። የዓይን ርቀቱ ረጅም ሆኖ ጎማው አጭር ከሆነ ዓይናችሁ ከሚገባው በላይ ይጠጋል፤ እንደ ባቄላ ቅርጽ ያለ ጥቁር ጥላ ምስሉ ላይ ብልጭ ጥፍት ይላል። ጎማውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋችሁም ጥላው ካልጠፋ ያ መነጽር ለፊታችሁ አልተሠራም።

ውስጡ ያለው ብርጭቆ

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ፖሮ የሚባለው ሲሆን የፊት ሌንሶቹ ከዓይን ሌንሶቹ ሰፋ ብለው ይቀመጣሉ፤ የድሮ የወታደር መነጽር ቅርጽ ነው። ሁለተኛው ሩፍ ነው፤ ቱቦዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ናቸው። ሩፍ ይቀላል፣ ውኃና አቧራ የማይገባበት አድርጎ መሥራትም ይመቻል፤ ነገር ግን ፕሪዝሙ (የተገለበጠውን ምስል የሚያቃናው የውስጥ ብርጭቆ) እጅግ በጥንቃቄ መሞረድና ልዩ ሽፋን መቀባት ይፈልጋል። ርካሽ ሩፍ ላይ የሚቀረው ይህ «ፌዝ» የሚባለው ሽፋን ነው፤ ከሌለ ምስሉ ደብዘዝ ይላል፣ ንፅፅሩም ይወርዳል። በዝቅተኛ ዋጋ ፖሮ ከሩፍ የሚበልጠው ለዚህ ነው። አነስተኛ በጀት ላለው ሰው 8×40 ፖሮ፣ በዚያው ዋጋ ከሚሸጥ ሩፍ የተሻለ ምስል ይሰጠዋል። ይከብዳል፣ ቅርብ ያለ ነገር ላይም አያተኩርም፤ ምስሉ ግን እውነተኛ ነው።

ካርቶን ላይ ከሚጻፉት ቃላት ዋጋ ያላቸው እነዚህ ናቸው፦ ሁሉም የሌንስ ገጾች በብዙ ንብርብር መለበጣቸው፣ ፕሪዝሙ ባክ-4 ከሚባለው የተሻለ ብርጭቆ መሆኑ፣ ለሩፍ የፌዝ ሽፋን መኖሩ፣ ከተቻለም ብርሃን ሳያባክን የሚያንጸባርቀው የዳይኤሌክትሪክ መስታወት ሽፋን። «ኢ ዲ» የሚባለው ብርጭቆ የወፉ ጠርዝ ላይ የሚታየውን ወይን ጠጅና አረንጓዴ መስመር ይቀንሳል፤ ነጭ ሰማይ ላይ ያለ ጥቁር ወፍ ስትመለከቱ ጥቅሙ ይታያል። «በከፊል የተለበጠ» የሚል ካያችሁ ተዉት።

ውኃ መከላከሉ ለኢትዮጵያ ክረምት አስፈላጊ ነው። ውስጡ ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላ መነጽር ከቀዝቃዛው ሳነቴ ወደ ሞቃቱ ሐረና ስትወርዱ ውስጡ ጉም አይዝም። ይህ ያልተደረገለት መነጽር ውስጡ ላብ ይይዛል፤ ከቤት ውጭ ልታደርቁት አትችሉም።

ዝቅተኛው የማተኮሪያ ርቀት ከ3 ሜትር በታች ይሁን። አበባ የሚቀስሙት ሰንበርዶች ግቢ ውስጥ ክንድ ያህል ርቀት ድረስ ይጠጋሉ፤ ቢራቢሮ ለሚወድ ደግሞ 2 ሜትርና ከዚያ በታች ይጥማል።

ገበያ ላይ የሚሸጡት የውሸት ቁጥሮች

«30×60»፣ «50×50»፣ «100×» ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ ተጣጣፊ መነጽሮች በየሱቁና በየኦንላይን ገበያው አሉ። ማስመሪያ ብቻ ይዛችሁ ልታጋልጧቸው ትችላላችሁ። 60 የተጻፈበት የፊት ሌንስ በትክክል 6 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ለኩት። ከዚያ መነጽሩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ብሩህ ሰማይ (ወደ ፀሐይ ሳይሆን) ያዙትና የዓይን ሌንሱ ላይ የሚታየውን ትንሽ የብርሃን ክብ በማስመሪያው ለኩ። የፊት ሌንሱን ስፋት ለዚህ ክብ ስፋት ስታካፍሉ እውነተኛው ማጉላት ይወጣል። የፊት ሌንሱ 25 ሚሊ ሜትር፣ ክቡ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ የያዛችሁት ስምንት ገደማ የሚያጎላ መነጽር ነው፤ የተጻፈው 30 ቢሆንም።

የፊት ሌንሳቸው እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብረቀርቁትንም ተዉ። ያ ሽፋን ቀይ ብርሃንን ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው ምስል አረንጓዴ ይመታዋል፣ የወፍ ቀለም ይዛባል። ማጉላታቸው ከ8 እስከ 24 የሚለዋወጥ «ዙም» ባይኖኩላሮችም ለወፍ አይሆኑም፦ በዝቅተኛው ማጉላት እይታቸው ጠባብ ነው፣ በከፍተኛው ጨለማ ነው፣ ሁለቱ ቱቦዎችም እኩል ለመጉላት ስለሚቸገሩ ዓይን ያማሉ። የፎከስ መዘውር የሌላቸው «ቋሚ ፎከስ» የሚባሉትም እንዲሁ፤ ቅርብ ያለ ወፍ ላይ አይሠሩም።

ከመፈተሻችሁ በፊት ለዓይናችሁ አስተካክሉት

ያልተስተካከለ መነጽር ጥሩም ቢሆን መጥፎ ይመስላል። ሁለት መነጽር ስታወዳድሩ ሁለቱንም በዚህ መንገድ አስተካክሉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

1. የዓይን ጎማውን አስተካክሉ፦ የዕለት መነጽር ለሚያደርግ ወደ ታች፣ ለማያደርግ ወደ ላይ።

2. መሃል ላይ ያለውን ማጠፊያ እየከፈታችሁ ወይም እየዘጋችሁ በሁለቱ ዓይኖች አንድ ሙሉ ክብ እስኪታያችሁ ድረስ አስተካክሉ። ሁለት የተደራረቡ ክቦች ከታዩ ገና ነው። በጣም የተጠጋጉ ዓይኖች ላሏቸው ሰዎችና ለልጆች አንዳንድ መነጽር እስከሚፈለገው ድረስ አይጠብም፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከ56 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ለተራራቁ ዓይኖች ነው።

3. ከ30 እስከ 50 ሜትር ላይ ጥቃቅን ጽሑፍ ያለው ነገር ምረጡ፤ የሱቅ ሰሌዳ ወይም የመኪና ታርጋ ይበቃል።

4. የቀኙን የፊት ሌንስ በመዳፋችሁ ሸፍኑ። ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ አንዱን ስትጨፍኑ ሌላውም ይጨማደዳል። በግራ ዓይን እየተመለከታችሁ የመሃሉን መዘውር አዙራችሁ ጽሑፉን አጥሩ።

5. አሁን ግራውን ሸፍኑ። የመሃሉን መዘውር አትንኩት። ብዙውን ጊዜ በቀኙ የዓይን ሌንስ ሥር ያለውን፣ የሁለቱን ዓይኖች ልዩነት የሚያስተካክለውን የዳዮፕተር ቀለበት ብቻ አዙራችሁ ያንኑ ጽሑፍ አጥሩ። በአንዳንድ ሞዴሎች ይህ ቀለበት መሃሉ መዘውር ላይ ነው።

6. በሁለቱም ዓይን ተመልከቱ። ጽሑፉ ጥርት ካለ ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት ልብ በሉ። ከዚህ በኋላ የምትነኩት የመሃሉን መዘውር ብቻ ነው።

ቀለበቱ በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ቦርሳ ውስጥ እየተሻሸ ይዛባል፤ ዓይናችሁ ሳይታወቃችሁ ይደክማል። የሚቆለፍ ወይም ጠንከር ብሎ የሚዞር ይሻላል።

ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ሱቅ ውስጥ በመብራት ሥር የተመለከታችሁት ምንም አይነግራችሁም፤ ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ሻጩን ለምናችሁ ደጃፍ ላይ ውጡ፤ ሊያስወጣ ያልፈለገ ሻጭ ጋ አትግዙ። ብትችሉ ደመና ያለበት ቀን ወይም አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሁን።

የመጀመሪያው ፍተሻ የሁለቱ ቱቦዎች መስመር ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል። ሩቅ ያለ አግድም መስመር፣ ለምሳሌ የጣሪያ ክዳን ወይም የመብራት ሽቦ ላይ አተኩሩ። ከዚያ ምስሉን እያያችሁ መነጽሩን ቀስ አድርጋችሁ ከዓይናችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁ። በሁለቱ ክቦች ውስጥ ያለው ሽቦ በአንድ ከፍታ መቀጠል አለበት። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ቱቦዎቹ ተዛብተዋል። ዓይናችን ትንሽ መዛባትን በግድ ያስተካክለዋል፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም፣ ሰዓት ሙሉ ስትመለከቱ ግን ራስ ምታት ይሆናል። የወደቀ መነጽር ዋና ችግሩ ይህ ነው፤ ያገለገለ ስትገዙ ይህን ሳትፈትሹ ገንዘብ አትክፈሉ።

ቀጥሎ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣውን የብርሃን ክብ ተመልከቱ። ሙሉ ክብ ሆኖ ጠርዙ እኩል ብሩህ መሆን አለበት። ጠርዙ በግራጫ ጥላ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ፣ ፕሪዝሙ ርካሽ ብርጭቆ ነው ወይም አንሷል፤ ከፊት ሌንሱ ስፋት ያለውን ያህል ብርሃን አያስተላልፍም።

የሌንሱን ሽፋን ለማየት የመብራት አምፖል ነጸብራቅ በፊት ሌንሱ ላይ እያያችሁ መነጽሩን አዘንብሉት። ብዙ ትንንሽ ነጸብራቆች ይታያሉ፤ ሁሉም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆኑ ጥሩ ነው። መሃላቸው አንድ ደማቅ ነጭ ከታየ ያልተለበጠ ገጽ አለ ማለት ነው።

ወደ ምስሉ ጥራት ስትመጡ አንድ ሰሌዳ መሃል ላይ አድርጋችሁ አጥሩ፤ ከዚያ ሳታዞሩ ሰሌዳውን ወደ ዳር ውሰዱት። ጽሑፉ የሚደበዝዘው የት ላይ ነው? ከመሃል እስከ ጠርዝ ካለው ርቀት ሦስት አራተኛው ድረስ የሚነበብ ከሆነ ለዋጋው ጥሩ ነው። እስከ ግማሹ ብቻ ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰፊ እይታ ግማሹ ለጌጥ ነው። ነጭ ሰማይ ላይ ያለ ሽቦ ወይም ጭራሮ ደግሞ የቀለም ጠርዙን ያሳያል፤ መሃል ላይ ወይን ጠጅ መስመር ጎልቶ ከታየ ኢ ዲ ብርጭቆ ካለው ጋር አስተያዩት። በተጨማሪም ብሩህ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ቦታ ተመልከቱ፤ ምስሉን ነጭ ጭጋግ ከለበሰው ውስጡ በደንብ አልጠቆረም፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያስቸግራችኋል። በባይኖኩላር ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይን ያሳውራል፤ ለፍተሻም ቢሆን አታድርጉት።

የፎከስ መዘውሩን ከ3 ሜትር ወደ ሩቅ አዙሩት። አንድ ዙር ገደማ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ከሁለት ዙር በላይ ከሆነ ጫካ ውስጥ ትዘገያላችሁ። አቅጣጫ ስትቀይሩ ጣታችሁ እየዞረ ምስሉ የማይንቀሳቀስበት ባዶ ቦታ ካለ ጊሩ ላልቷል፤ በጊዜ እየባሰ ይሄዳል። በጣም የጠነከረ ደግሞ በሳነቴ ብርድ ጭራሽ አልዞር ይላል።

ያገለገለ ከሆነ አንድ ተጨማሪ፦ በእጅ ባትሪ ከፊት ሌንሱ በኩል እያበራችሁ ውስጡን እዩ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት አያሳስብም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቅርንጫፋም ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ሽፋኑን ይበላዋል፣ ለማጽዳት የሚጠየቀው ገንዘብም ብዙውን ጊዜ ከመነጽሩ ይበልጣል።

ሦስት ሞዴሎችን ማወዳደር

ከላይ ያለውን በእውነተኛ ቁጥር ብናየው፤ ቁጥሮቹ አምራቾቹ የሚሰጧቸው ናቸው። ኒኮን ሞናርክ ኤም5 8×42፦ እይታው 112 ሜትር፣ የዓይን ርቀቱ 19.5 ሚሊ ሜትር፣ የሚያተኩረው ከ2.5 ሜትር ጀምሮ፣ ክብደቱ 630 ግራም። ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤች ዲ 8×42፦ 131 ሜትር፣ 17 ሚሊ ሜትር፣ 1.5 ሜትር፣ 618 ግራም ገደማ። ኒኮን አክሽን ኢ ኤክስ 8×40፣ እሱ ፖሮ ነው፦ 143 ሜትር፣ 17.2 ሚሊ ሜትር፣ 5 ሜትር፣ 855 ግራም።

በካርቶኑ ፊት ያለው ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ሦስቱ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ወፍራም የዕለት መነጽር የሚያደርግ ሰው እይታው ቢጠብም ኤም5ን ይምረጥ፤ 19.5 ሚሊ ሜትር በቀላሉ አይገኝም። መነጽር የማያደርግ፣ ጫካና ቁጥቋጦ የሚያዘወትር ሰው ዳይመንድባኩ ይሻለዋል፤ በ30 ሜትር ላይ ከኤም5 ግማሽ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ እግሩ ሥር ያለች ወፍም ላይ ያተኩራል። ገንዘቡ ያነሰ፣ ብዙውን ጊዜ ከመኪና ወይም ከሐይቅ ዳር ሆኖ የሚመለከት ሰው ፖሮውን ይያዝ፤ 5 ሜትሩና ክብደቱ ጉዳት ናቸው፣ ግን ስፋቱና የምስሉ ጥልቀት ይክሰዋል። የአንገት ሕመም ያለበት ሰው ሦስቱንም ትቶ 500 ግራም ገደማ ወደሆኑት 8×32ዎች ይሂድ።

የራሳችሁን ዝርዝር ስታወጡም በዚሁ መንገድ አድርጉ፦ መጀመሪያ የዓይን ርቀት የማይበቃውን ሰርዙ፣ ቀጥሎ እይታው የጠበበውን፣ ከዚያ ከባዱን። የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ እነሱን ጎን ለጎን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ነገር ላይ፣ ክርናችሁን ግንብ ላይ አስደግፋችሁ አወዳድሩ። ጠዋት ያያችሁትንና ማታ ያያችሁትን ማነጻጸር አይቻልም፤ ብርሃኑ ሁሉን ይለውጠዋል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር። ከርካሹ ወደ መካከለኛው ስትወጡ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከመካከለኛው ወደ ስዋሮቭስኪ፣ ዛይስና ላይካ ስትወጡ ዋጋው በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ የምታገኙት ትርፍ በዋናነት በጠርዝ ጥራት፣ በአመሻሽ ብርሃንና በፀሐይ ፊት ለፊት ነው። ለጀማሪ ያንን ገንዘብ ወደ ያቤሎ ጉዞ ማድረግና የኢትዮጵያ ቡሽ ክሮው የምትባለውን ወፍ በመካከለኛ መነጽር ማየት ይበልጣል።

ከገዛችሁ በኋላ

ቀጭኑን የአንገት ማንገቻ በደረት ማንገቻ ቀይሩት፤ ክብደቱ ከአንገት ወደ ትከሻ ይሄዳል፣ ስትሄዱም አይወዛወዝም። ወፍ ስታዩ ዓይናችሁን ሳታነሱባት መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ፤ ወደ መነጽሩ ጎንበስ ያለ ሰው ወፏን ያጣታል። ይህን ግቢያችሁ ውስጥ ባሉ ርግቦች ላይ ተለማመዱት።

ሌንስ ሲቆሽሽ በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ። የሪፍት ቫሊ አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው፤ ሲታሽ ሽፋኑን ይፍቀዋል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ ንፉት፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፣ በመጨረሻ የሌንስ ፈሳሽ በነካ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ ጥረጉ። እርጥበታማ በሆኑት እንደ ካፋ ባሉ አካባቢዎች በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ለሳምንታት አታቆዩት፤ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጨምሩበት፣ አለዚያ ሻጋታ ይይዛል።

ከውጭ አገር የምታስመጡ ወይም ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ ባይኖኩላር ቦሌ ላይ በጉምሩክ ጥያቄ የሚያስነሳ ዕቃ ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከመጓዛችሁ በፊት አጣሩ፤ የግዢ ደረሰኙንም ያዙ። በወታደር ካምፕ፣ በአየር ማረፊያና በግድብ አቅራቢያ አታውጡት። መንደር አጠገብ ስትመለከቱም መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ሰላም በሉ፣ ምን እንደምታዩ ንገሩ፤ መነጽሩን ሰጥታችሁ አንድ ወፍ ብታሳዩአቸው አብዛኛውን ጊዜ ሌሎቹ ወፎች የት እንደሚያድሩ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።